የዳርሚ መስኮት ለምን ያስወጣ ነበር

ጡረታ በወጣሁ ማግስት እንደ ልማዴ ማልጄ ተነሣሁና ቢሮ ሄድኩ። ረስቼ አልነበረም፤ መሄጃ አጥቼ ነው። ዘበኛው «ጋሽ ጌታሁን፣ ትናንት ሸኝተንዎት አልነበረም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ አስገባኝ ግን። ወንበሬ ገና ባለቤት አላገኘም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። «ተጠቃሚው አይታወቅም» አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ደግሞ አላወቀኝም። ሠራተኛ በለቀቀ ዕለት ስሙ ከሲስተሙ ይዘጋ የሚለውን ሐሳብ በስብሰባ ላይ ያቀረብኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። ደንቡ በደንብ እንደሚሠራ በራሴ ላይ አረጋግጬ ወጣሁ።

ሰው «ምን ትሠራ ነበር?» ሲለኝ፣ ነገሩ እንዲያጥር «ኮምፒውተር ጥገና» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የኋለኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአንድ ዓይነት ችግር ላይ ነው። ሰው በኢንተርኔት የሚሠራ ሲስተም ውስጥ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ሲገባ ሲስተሙ ለጊዜው ያውቀዋል፤ ገብተሃል፣ ሥራህን ሥራ ይለዋል። ይህችን የመታወቅ ጊዜ እኛ ሴሽን እንላታለን። አንዳንዴ ታዲያ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ሲስተሙ ድንገት ይረሳውና ወደ መግቢያው ገጽ ይመልሰዋል። የጻፈው ሁሉ ይጠፋል። «አስወጣኝ» ይሉናል። ለምን እንዳስወጣቸው መፈለግ የኔ ሥራ ነበር። ብዙዎቹን ምክንያቶች አግኝቻለሁ። አንዱን ግን በጊዜው ሳላገኘው ቀርቼ ሰው አጣሁበት። አሁን ቤት ተቀምጬ ከማስታውሰው ሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

የተወለድኩት ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ሰፈሩ ጀርባ ነው። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲለወጥና ጦሩ ሲበተን ጓደኞቹ ጓዛቸውን ሸክፈው ወደየአገራቸው ሄዱ፤ እሱ የሚመለስበት ሰው ስላልነበረው እዚያው ቀረ። እኔም ቀረሁ። ኦሮምኛን የተማርኩት ኳስ ሜዳ ስለሆነ ለመሳደብና ለመገበያየት ይበቃኛል፤ ሽማግሌ ፊት ግን እስካሁን ያሳፍረኛል። ለቦረናው አማራ ነበርኩ፤ ከሰሜን ለሚመጡት ዘመዶቻችን ደግሞ ቦረና። ሁለቱም ወገን ቤቱ ሲጠራኝ እንግዳ አድርጎ ያስቀምጠኝ ነበር። የእንግዳ ወንበር ምቹ ነው፤ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን እንግዳ ሆኖ ሲኖር ይደክመዋል።

በለውጡ ሰሞን ክብረ መንግሥት በሚገኝ መሥሪያ ቤት የሬዲዮ መገናኛ ኦፕሬተር ሆኜ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ጋሽ ታፈሰ ይባሉ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሹራባቸውን የማያወልቁ ቀጭን ሰው። ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት ከሳቸው ነው።

ጋሽ ታፈሰ ዕቃ ተበላሸ ተብለው ሲጠሩ መፍቻ ይዘው አይሄዱም። ባለዕቃው አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጡና ሁለቱን እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር ያደርጋሉ። ከዚያ «በል፣ ሥራህን ሥራ» ይሉታል። ሰውየው ግራ እየተጋባ ይሠራል፤ እሳቸው ያያሉ። እጃቸውን የሚቀመጡበት ቸኩሎ ዕቃውን እንዳይነካባቸው ነበር። እኔ ገና ስገባ ክዳን ለመፍታት ስጣደፍ፣ «ተው እንጂ ጌታሁን! ዕቃው የትም አይሄድብህም። መጀመሪያ ሰውየውን እየው» ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ሊያዩ ሄደው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲመለከቱ ዋሉ። ኦፕሬተሩ ሲናገር ትከሻውን ከግድግዳው ያስደግፍ ኖሯል፤ ትከሻው የአንቴናውን ገመድ ይጫነዋል። ወንበሩን ትንሽ ሳብ አድርገውለት መጡ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በሬዲዮ ከሜጋ ወይም ከነገሌ ጋር ስንነጋገር፣ አንደኛው ወገን ወረቀት ፍለጋ ሲነሣ ረጅም ዝምታ ይመጣል። ብዙ ኦፕሬተር መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ይዘጋል። ጋሽ ታፈሰ ግን በአንድ እጃቸው ፋይል እያገላበጡ፣ በየመሐሉ ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ ብለው «አለሁ» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አለሁ»። ስቄባቸው አውቃለሁ። «ምን ያስቅሃል? ዝም ካልኩ ሄደ ነው የሚሉኝ፤ አይፈረድባቸውም» አሉኝ። ጡረታ ወጥተው ሐዋሳ ልጃቸው ቤት ከገቡ በኋላ እንኳ ስልክ ስደውልላቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «አለሁ» ነበር። አንድ ቀን ደውዬ ልጃቸው አነሣው። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ የማማክረው ሰው አልነበረኝም።

ሬዲዮው ተጣለ፤ ስልክ መጣ፤ ከስልክ በኋላ ኮምፒውተር መጣ። ደመወዜም እየተንፏቀቀ ተከተለኝ። ወደ ነገሌ ተዛውሬ ለአርብቶ አደር ቤተሰቦች አገልግሎት በሚሰጥ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆንኩ፤ ክብረ መንግሥትና ሜጋም ቅርንጫፍ ነበረን። ሥራው ሁሉ በኢንተርኔት ሲሆን «ሲስተም የለም» የሚባል አዲስ ሰላምታ ተፈጠረ። ባለጉዳይ ገና በሩን ሳይገባ «ሲስተም የለም» ይባላል። ሲስተሙ ካለ ደግሞ ያስወጣል።

በዚህ ሥራ ስም ያወጣሁት በክብረ መንግሥቱ ቅርንጫፍ ነው። እዚያ ያለው ጸሐፊ ጠዋት በሰላም ይሠራል፤ ከምሳ በኋላ ገና ሲገባ ያስወጣዋል። ሰይጣን ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። እኔ ወንበር ስቤ፣ እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ አየሁት። በምሳ ሰዓት መብራት ይጠፋል። የኮምፒውተሩ ትንሿ ባትሪ ስለሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋበታል። ሰውየው ከምሳ ሲመለስ የእጅ ሰዓቱን አይቶ «ስምንት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ» ብሎ ይሞላለታል። በኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቆጥር ምሽት ሆነ ብሎ ያምናል። ሲስተሙ የሚሰጠው የመግቢያ ፈቃድ ለጥቂት ጊዜ የሚያገለግል ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ገና ሲቀበለው ጊዜው እንዳለፈበት ቆጥሮ ይጥለዋል። ጠዋት «ሦስት ሰዓት» ብሎ ሲሞላው ደግሞ ገና አልነጋም ብሎ ስለሚያስብ ፈቃዱ ይተርፈዋል። ባትሪዋን ቀየርኩ፤ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲያ በየቅርንጫፉ «የሰዓቱ ሰውዬ» እባል ጀመር። ስሙን ወድጄው ነበር፤ በኋላ ጎዳኝ።

ነገሌ ያለው ክፍሌ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው። ሰርቨሩ፣ የቢሮው ዋና ኮምፒውተር፣ እዚያ ሆኖ ስለሚሞቅ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ማራገቢያ ነበረው። ሰው ወደኔ የሚመጣው አንድ ነገር ሲበላሽበት ነው። በሩ ሲከፈት ቀና ስል መጀመሪያ የማየው የተናደደ ፊት ነው። ሳይበላሽባት የምትመጣ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ዳርሚ።

ዳርሚ መመዝገቢያው አዳራሽ ውስጥ የመጨረሻው መስኮት ላይ ትሠራ ነበር። የቦረና ልጅ ናት፤ ከነገሌ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አድጋ፣ ከታመመች እናቷ ጋር ከተማ ውስጥ በኪራይ ቤት ትኖራለች። ሁልጊዜ ጠዋት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደኔ ክፍል ብቅ ትላለች።

«ናጋ ጋሼ?»

«ናጋ።»

«ቤት ናጋ? እትዬ ጸዳለ ናጋ ናቸው?» ጸዳለ ባለቤቴ ናት።

«ናጋ ናት።»

«ሆሪን ናጋ?» ከብቶችህ ሰላም ናቸው ማለቷ ነው። ለቦረና ሰው ይህ ሳይጠየቅ ሰላምታ አያልቅም።

«ድመቷ ናጋ ናት» እላለሁ። ሁልጊዜ ትስቃለች፤ ሁልጊዜም ትጠይቀኛለች። ቀሪውን ቀን ከማራገቢያው ጋር ስውል ያች ሳቅ ትበቃኝ ነበር።

አዲሱ የምዝገባ ሲስተም የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። አርብቶ አደሩ ለከብት ሕክምናም ሆነ ለድርቅ ድጋፍ ቤተሰቡን ያስመዘግባል፤ ጸሐፊዋ ገጹን ከፍታ ስም፣ ጎሳ፣ ቀበሌ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የከብት ብዛት ትሞላለች። ሲስተሙን ዋና ከተማ ያሉ ልጆች ናቸው የሠሩት፤ ጥሩ ሠርተውታል። ሁሉም መስኮት ላይ ይሠራል። የዳርሚ መስኮት ላይ ግን ያስወጣል። ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንዱን ሰው መዝግባ ትጨርሳለች፣ አንዳንዱ ላይ ግማሽ ደርሳ የመግቢያው ገጽ ፊቷ ድቅን ይላል። ባለጉዳዩን እንደገና ትጠይቃለች። ተራው ይረዝማል። በወሩ መጨረሻ ያልተጠናቀቁ ምዝገባዎች ሲታዩ ሁሉም የሷ ሆኑ።

እኔ የሰዓቱ ሰውዬ በቀጥታ ወደ ሰዓቱ ሄድኩ። ሰዓቱ ልክ ነው። ባትሪውንም ለማንኛውም ቀየርኩት። የኔትወርክ ገመዱን ቀየርኩ። ብሮውዘሩን አጥፍቼ ጫንኩ። የሷን ኮምፒውተር ከጎረቤቷ ጋር አለዋወጥኩ፤ ችግሩ አዲሱ ላይ ተከትሏት መጣ፤ አሮጌው ጎረቤቷ ጋ ሲሄድ ደኅና ሆነ። አዲስ የተጠቃሚ ስም አወጣሁላት፤ ያው ነው። ባለጉዳይ እንዳልረብሽ ብዬ ሁልጊዜ የምሠራው በምሳ ሰዓት ወይም ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ በወንበሯ ተቀምጬ የሌሉ ሰዎችን ስም እየፈጠርኩ ስመዘግብ ዋልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ አላስወጣኝም።

«ዳርሚ፣ ሲያስወጣሽ ምን እያደረግሽ ነበር?» አልኳት።

«ምንም ጋሼ። ሰው እያስተናገድኩ።»

እኔ «ምንም» የሚለውን ብቻ ሰማሁ።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከላይ ይጨቀጨቃል። በስብሰባ ላይ ነገሩ ሲነሣ ወደኔ ዞረ። «አቶ ጌታሁን፣ በአጭሩ ንገረን። ዕቃው ነው ወይስ ልጅቷ?»

ሁሉንም ፈትሻለሁ። ያልፈተሽኩት የቀረኝ አይመስለኝም ነበር። «ዕቃው ጤነኛ ነው» አልኩ። ያገኘሁት ይኸው ስለነበር ያን ተናገርኩ። ዳርሚ በረንዳው በኩል ባለው ወንበር ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሜጋ ተዛወረች። እዚያ ባለጉዳይ አይበዛም፤ ብትዘገይም አይታወቅም ተባለ። እናቷ የምትታከመው ነገሌ ሆስፒታል ስለሆነ ይዛት መሄድ አትችልም። ለመነች፤ ኃላፊው «ሁኔታው ሲስተካከል እናያለን» አላት። እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ሄደች። በመጨረሻው ቀን ወደ ክፍሌ መጣች። ናጋ አላለችኝም።

«ጋሼ፣ ዕቃው ጤነኛ ከሆነ በሽተኛዋ እኔ ነኛ?»

ማራገቢያው ብቻ ይጮሃል። ትንሽ ቆማ ወጣች።

እናቷ የሞተችው በዚያው በጋ ነው። ዳርሚ ከሜጋ ስትደርስ ተቀብራለች። ለቅሶው ቤት ከጸዳለ ጋር ሄድን፤ እጇን ሰጠችኝ፤ ምንም አላለችም። ለቅሶ ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጸዳለ ግን ስንመለስ በመንገድ ላይ «ልጅቷ ቀይማሃለች» አለችኝ። በሥራ ዘመኔ ዕቃ ሠርቼ ሲበላሽብኝ አይቻለሁ፤ ያቃጠልኩትም አለ። እንደዚህ የወደቅኩበት ግን የለም፤ ምክንያቱም ልጅ እናቷን ሳታያት ተቀበረችባት፣ የችግሩን ምክንያት ደግሞ እስከዚያ ድረስ አላወቅኩትም ነበር።

በዳርሚ ቦታ ጣቱ የሚበር ጎረምሳ ተተካ። አንድም ቀን አላስወጣውም። ኃላፊያችን ረካ። እኔ ጠዋት ጠዋት በሩ ይከፈታል ብዬ ቀና እላለሁ፤ ይከፈትና የተናደደ ፊት ይገባል።

አንድ ቀን ከዚያ መስኮት ሥር ጎንበስ ብዬ ሶኬት ሳስተካክል አባ ሊበን የሚባሉ አዛውንት መጥተው ከልጁ ፊት ተቀመጡ። «ስም?» አለ ልጁ። ነገሩት። «ጎሳ? ቀበሌ? ከብት ስንት አለ?» አባ ሊበን ልጁን ትክ ብለው አዩት። ደግሞ ጠየቃቸው። በትራቸውን አንሥተው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ።

«አካም አባ ሊበን? ሳይመዘገቡ ሄዱ እኮ» አልኳቸው።

«ናጋ። ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው? ከብት ስንት አለ ይለኛል። ድርቁ ምን አደረገብህ ሳይል! ያቺ ልጅ ወዴት ሄደች?»

«ዳርሚ? ሜጋ ናት።»

«እሷ ስሜን ስትሰማ ጎሳ ጠየቀችኝ። ጎሳ ስትሰማ አያቴን አወቀች። ከዚያ እጇን አንሥታ...» ብለው በጣቶቻቸው አየሩን መታ መታ አደረጉ፤ ኪቦርድ ማለታቸው ነው፤ «እጇን ከዚያ ነገር ላይ አንሥታ ናጋ ጠየቀችኝ። ቤቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡን፣ ሆሪውን። የሞተብኝን ነገርኳት። እስክጨርስ ያን ነገር አልነካችም። ሰው እንዲህ ነው።»

ባጃጆቹ በአጠገባችን አቧራ እያስነሡ ያልፋሉ። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሲስተም ለተወሰነ ደቂቃ ምንም ካልተላከለት፣ ሰውየው ወንበሩን ትቶ ሄዷል ብሎ እንደሚዘጋ የማያውቅ ባለሙያ የለም። እኔ ቅዳሜ በወንበሯ ስቀመጥ ፊቴ ባለጉዳይ አልነበረም። ናጋ የምለው ሰው ስላልነበረ እጄ አላረፈም፤ ስለዚህ አላስወጣኝም። ጋሽ ታፈሰ ሰውየውን እየው ያሉኝን ይዤ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነበር የተቀመጥኩት።

በሐሳቤ ልክ መሆኑ አይበቃም ብዬ ኃላፊዬን አስፈቅጄ ሜጋ ሄድኩ። መኪና ቀይሬ፣ በቀይ አፈርና በኩይሳ መሐል ተጉዤ ደረስኩ። ዳርሚ «ደኅና መጡ» አለችኝ። እሱ ብቻ ነው ያለችኝ። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እጆቼን ከጭኔ ሥር አደረግኩ። «ሥራሽን ሥሪ፤ እኔ የለሁም ብለሽ ቁጠሪ» አልኳት። «እሺ» አለች።

አንዲት አሮጊት መጡ። ስማቸውን ጠየቀች፤ ጻፈች። ጎሳቸውን ጠየቀች፤ ጻፈች። ጎሳውን ስትሰማ ፊቷ በራ፤ ሁለቱ እጆቿ ከኪቦርዱ ተነሥተው ጭኗ ላይ አረፉ። «ናጋ? ኢጆሌን ናጋ? ሆሪን ናጋ?» አሮጊቷ ልጆቹ ላይ ናጋ ብለው ሆሪው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ላሞቻቸው አንድ በአንድ፣ በየስማቸው ማውራት ጀመሩ። ዳርሚ እጇን ከጭኗ አላነሣችም። ሰው የሞተበትን ሲነግር ቁልፍ እየነካኩ መስማት በዚህ አገር ነውር ነው። ስክሪኑ በዝምታ ወደ መግቢያው ገጽ ተመለሰ። እሷ አላየችውም፤ እኔ ነኝ ያየሁት።

አሮጊቷ ሲሄዱ ነገርኳት። «ይኸው ነው ዳርሚ። ናጋ ስትይ ነው የሚያስወጣሽ። ሄዳለች ብሎ ነው።»

ስክሪኑን አየችና «ነግሬዎት ነበር እኮ፤ ሰው እያስተናገድኩ ነው ብዬ» አለች። አልጮኸችም። ያን ቀን ስንት ሰው መጥቶ ናጋ ሲባል ሰማሁ። እኔ አጠገቧ ውዬ አልተባልኩም።

ነገሌ ስመለስ ለሠሪዎቹ ደወልኩ። አንዲት ፕሮግራመር አነሣች፤ ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳትና ጊዜውን አርዝሚልን አልኳት። «አይሆንም ጋሼ። ጸሐፊው ገጹን ከፍቶ ቢሄድ ማንም ገብቶ ሰው ይመዘግባል» አለችኝ። ልክ ናት፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። «ጋሼ? አሉ?» አለች።

«አለሁ» አልኩ። ይህን ስል ሹራባቸውን የለበሱት ሰውዬ ትዝ አሉኝ።

«ስሚኝ እስቲ» አልኳት። «ሊዘጋ ሲል ይጠይቃት። እዚህ አለሽ ወይ ይበላት። ‹አለሁ› የምትል ቁልፍ አድርጊላት፤ ከነካችው ይጠብቃት፣ ካልነካችው ይዝጋ። ሳታይም እንድትነካው ከኪቦርዱ ግርጌ ያለውን ረጅሙን ቁልፍ አድርጊው።»

ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «ቀላል ነው እኮ። የጻፈችውም እንዳይጠፋ አደርጋለሁ» አለች። አደረገችውም። ከዚያ በኋላ በሁሉም መስኮት ያች ጥያቄ ትወጣለች፤ ነገሌ ያለው ጎረምሳ «ይህቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ይላል፤ አያስፈልገውማ።

ኃላፊዬ ፊት ቆሜ፣ ልጅቷ ጥፋት እንደሌለባት፣ እንደ ሰው ስለሠራች ብቻ እንደተቀጣች ነገርኩት። ራሱን ያዘ። ትመለስ ብሎ ፈቀደ። ራሴ ልንገራት ብዬ ደወልኩላት።

«ማን ጋ ልመለስ ጋሼ?» አለችኝ።

ስልኩ በሁለታችንም ወገን ዝም አለ። ያን ጊዜ አለሁ ማለት ነበረብኝ ይሆን፣ አላውቅም። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። ሌላ ሲስተም መጣ፤ ያችን ጥያቄ ግን አልተዋትም፤ ሌላ ኃላፊም መጣ። ጸዳለ ጡረታ ልወጣ ስል ታመመችና ሞተች። ልጆቼ ከአዲስ አበባና ከአዳማ መጥተው፣ አልቅሰው፣ ቤቱን አጽድተውልኝ ተመለሱ። የነገሌ ሰው ለቅሶ አያጓድልም፤ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ድንኳኑ ሲነሣ ግን ሁሉም ሄደ። እንዴት ሞተች ብሎ ቁጭ ብሎ የሰማኝ ሰው የለም። የእንግዳ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነኝ። ቢሮው ስሜን በዘጋው ሰሞን ከድመቷ ሌላ የማናግረው ሳጣ፣ አንድ ጠዋት ተነሥቼ ሜጋ ሄድኩ።

ጉዳይ አልነበረኝም። አርብቶ አደር አይደለሁም፤ የሜጋ ነዋሪም አይደለሁም። ዳርሚን የማገኝበትን ሌላ ቦታ ስለማላውቅ ከሰዉ ጋር ተራ ያዝኩ። ከፊቴ ያሉት አዛውንት ረጅም ናጋ ተባሉ። ተራዬ ደረሰና ተቀመጥኩ። ትንሽ ሽበት ጀምሯታል። ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ አልተለወጠም።

«ስም?» አለች።

ልክ እንደዚያ ጎረምሳ ነው ያለችኝ። «ጌታሁን» አልኩ።

«የአባት ስም?»

ነገርኳት። ጻፈች። ብመለስ ይሻላል ብዬ ልነሣ ጠረጴዛውን ተደገፍኩ። ያኔ ሁለቱ እጆቿ ከኪቦርዱ ተነሥተው ጭኗ ላይ ሲያርፉ አየሁ።

«ናጋ ጋሼ?»

«ናጋ» አልኩ።

«ጉዞው ናጋ? ልጆች ናጋ?»

«ናጋ ናቸው።»

«ሆሪን ናጋ?»

«ድመቷ አለች።» ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን።

«እትዬ ጸዳለስ? ናጋ ናቸው?»

ናጋ ናት ማለት አልቻልኩም፤ የለችም ማለትም አልቻልኩም። ከኋላዬ ተራ የያዙት ሰዎች ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ናጋ ሲጠየቅ ማንም አያቻኩልም። ስክሪኑ ላይ ያች ጥያቄ ብቅ ስትል ከጎን አየኋት። ዳርሚ ዐይኗን ከኔ ሳታነሣ አንድ ጣቷን ዘርግታ ረጅሙን ቁልፍ ነካች፤ ከዚያ እጇን ወደ ጭኗ መለሰች።

ጸዳለ እንዴት እንደሞተች ነገርኳት። ስለ ሕመሟ፣ ስለ መጨረሻዋ ጠዋት፣ ቤቱ እንዴት እንደሆነ። ስለ እናቷም ያኔ ያላልኳትን ይቅር በዪኝ አልኳት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ቁልፏን ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደነካቻት አላውቅም። እስክጨርስ ድረስ ማንም አላስወጣኝም።